አራት ብሎን፣ አንድ ክሪክ፦ የቮልስ ሞተር በቤት ግቢ የሚወርደው ለምንድን ነው?

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሁልጊዜ የምትሰሟት ጥያቄ አለች፦ «ሞተሩ ወርዷል ወይ?» ሻጩ «ኧረ በጭራሽ፣ ያልተነካ ነው» ይላል፤ ገዢው ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ያስጠጋል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ፦ ለምን «ወረደ» እንላለን? በአብዛኛው የቤት መኪና ሞተሩ የሚወጣው በፓራንኮ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ በኮፈኑ በኩል ወደ ላይ ነው። ወረደ ሳይሆን ወጣ ነበር መባል ያለበት።

ቃሉ በጥሬው እውነት የሚሆንባት አንዲት መኪና ግን አለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ክብ ጀርባዋ፣ ከኋላ የሚመጣው «ጠጠጠጠ» የሚል ድምጿ ከሩቅ ያስታውቃል፦ ቮልስ። የቮልስ ሞተር በእውነት ይወርዳል። ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ ክሬን አይጠይቅም፤ ጠንካራ ክሪክ፣ 17 ቁጥር ቁልፍ እና ሁለት የሚግባቡ ሰዎች ይበቁታል። ቤቴል ውስጥ ሊሾ የተደረገ ግቢ ያለው ሰው፣ ከአጥሩ ሳይወጣ፣ ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሊጨርሰው ይችላል።

ይህ ቀላልነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከጀርባው ደስ የሚልም የሚያሳፍርም ታሪክ አለ፤ የእኛ የጋራዥ ቋንቋም የዚያ ታሪክ አካል ነው። እንግዲህ ሞተሩን እያወረድን ታሪኩን እናንሣ።

ጋራዥ ለሌለው ሰው የተሠራች መኪና

እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1934 ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል መሐንዲስ ለጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር «የሕዝብ መኪና» ለመንደፍ ውል ፈረመ። ቮልስዋገን ማለትም በጀርመንኛ ይኸው ነው፦ የሕዝብ መኪና። ትእዛዙ የመጣው ከሂትለር መንግሥት ሲሆን ቅድመ ሁኔታዎቹ ከባድ ነበሩ። ዋጋዋ ከ1,000 ራይሽማርክ በታች እንዲሆን፣ ቤተሰብ እንድትይዝ፣ ነዳጅ እንዳታበዛ፣ ሞተሯም በአየር እንዲቀዘቅዝ ተጠየቀ።

በአየር መቀዝቀዙ ለምን አስፈለገ? በዚያን ጊዜ አብዛኛው ጀርመናዊ ለመኪናው ጋራዥ አልነበረውም። ደጅ ያደረች መኪና ደግሞ በክረምት የራዲያተሯ ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ውሃ ከሌለ የሚሰነጠቅ ነገርም የለም። ስለዚህ ዛሬ በየግቢው የምትፈታው ሞተር ከመጀመሪያው የታሰበችው ጋራዥ ለሌለው ሰው ነበር ማለት ነው።

በፖርሽ ቢሮ የሚሠራው ፍራንዝ ራይምሽፒስ አራት ሲሊንደር ያለው ጠፍጣፋ ሞተር ነደፈ። ሲሊንደሮቹ አልቆሙም፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ተኝተዋል። ፒስቶኖቹ እንደ ቦክሰኛ እጅ ፊት ለፊት ይሰነዘራሉ፤ አንዱ የሚፈጥረውን መንቀጥቀጥ ሌላው ያጠፋለታል። እንዲህ ያለው ሞተር አጭር፣ ዝቅ ያለና ቀላል ነው። ከኋላ፣ ከካምቢዮው ጋር ተጋጥሞ ይንጠለጠላል። ሐሳቡ የፖርሽ ብቻ አልነበረም፦ የቼኮዝሎቫኪያው የታትራ ፋብሪካ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካም ሞተራቸው ከኋላ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ መኪኖችን በዚያው ዘመን ሠርቷል።

አሁን ወደሚያሳፍረው ክፍል እንለፍ። ከ300,000 በላይ ጀርመናውያን መኪናዋን ለማግኘት በየሳምንቱ ቁጠባ ከፈሉ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ግን አንዳቸውም አልተረከቡም። ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ተሽከርካሪ ወደ ማምረት ዞረ፤ በግዳጅ የመጡ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ሠሩበት። መኪናዋ በእውነት ለሕዝብ መመረት የጀመረችው ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ፣ አይቫን ኸርስት በተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን አስተባባሪነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የ15 ሚሊዮን ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር።

እሽቅድምድሙስ?

«ቮልስ የሽማግሌ መኪና ናት» የሚል ካለ ይህን ንገሩት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1948 የፈርዲናንድ ልጅ ፌሪ ፖርሽ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በቤተሰቡ ስም የሚጠራውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና አወጣ፤ ፖርሽ 356። ሞተሩ ከየት መጣ መሰላችሁ? የቮልስ ሞተር ነው! 25 የነበረውን የፈረስ ጉልበት ወደ 35 አሳደጉት፣ ቀላል የአሉሚኒየም አካል አለበሱት፣ በቃ። ዝነኛው ፖርሽ 911 እንኳ በዚያው መንገድ የመጣ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር ይኑረው እንጂ ሞተሩ ጠፍጣፋና ከኋላ የተቀመጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስም በአየር ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬም የድሮ ፖርሽ ያለው ሰው በቤቱ ጋራዥ ሞተር ሲያነሣ እንደ ቮልስ ባለቤት ከሥር ያወርደዋል፤ ክብደቱና ዋጋው ብቻ ይለያያል።

ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። እ.ኤ.አ. በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ በጭቃና በአቧራ የሚታወቅ ፈታኝ ውድድር ነበር። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት። ብዙ ጉልበት ያላቸው መኪኖች ራዲያተራቸው ሲፈላና ጭቃ ሲይዛቸው፣ ክብደቷ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያረፈላት ቮልስ ታልፋቸው ነበር።

መኪና ወደ እኛ ሲመጣ

አዲስ አበባ መኪና ያየችው ከቮልስ በፊት ብዙ ዘመን ቀድማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ጉዞ ጀመረ። የባቡር ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለነበር ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው በረሃና ገደል ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛዋን አመጣ። የመንገድ ጠጋኝ፣ የነዳጅ ማደያ፣ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አንዱም የለም። መኪና ከተበላሸ መፍትሔው እዚያው፣ በእጅ በተያዘው ነገር መፈለግ ነበረበት።

ብዙ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ የመጣው ከጣልያን ወረራ ጋር ነው (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941)። ፋሺስቱ አስተዳደር መንገድ የሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ ነው። በዘር ሕጉም ኢትዮጵያዊው ከረዳትነት አልፎ ባለሙያ እንዲሆን አይፈልግም ነበር። ቁልፍ የሚያቀብል፣ ፋኖስ የሚይዝ፣ ጎማ የሚነፋ ሰው ግን ዐይን አለው፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ይይዛል። ከነፃነት በኋላ አንዳንድ ጣልያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1942 የተመሠረተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ ወጣቶችን በሙያ ማሠልጠን ጀመረ። እንዲህ እያለ የጣልያንኛ ቃላት በአማርኛ አፍ ላይ ቀሩ።

ቃላቱን አንድ በአንድ ብታዩአቸው ይገርማሉ። ካቻቪቴ ውስጥ ያለው «ቪቴ» ብሎን ማለት ነው። ዳዶ በጣልያንኛ የብሎን ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን ሉዶ ስትጫወቱ የምትወረውሩት ባለ ስድስት ፊት ኪዩብም ነው። ካንዴላ ሻማ ነው፤ እሳት ስለምትለኩስ። ማርሚታ ድስት ነው፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የምታፍነው ብረት ድስት ስለምትመስል። ፍሪሲዮን መፈተግ፣ ካምቢዮ መለዋወጥ፣ ጎማ ላስቲክ ነው። ቴስታታ የመጣው ራስ ከሚለው ቃል ነው፤ በሲሊንደሩ ላይ እንደ ራስ የምትቀመጥ ክፍል ናት። በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲጮኽ የሚውለው ቋንቋ የሰማንያ ዓመት ታሪክ ይዟል ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉን የወሰዱት እጆች ግን የራሳቸው አደረጉት።

በከፍታ ላይ ያለ ጥቅም

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ሁለት ትንንሽ መኪኖች የአዲስ አበባን መንገድ ሞልተውት ነበር። አንደኛዋ ለረጅም ጊዜ የከተማው ታክሲ የነበረችው ፊያት 600፣ በእኛ አጠራር ሴይቼንቶ ናት። ሌላዋ ቮልስ። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። ሴይቼንቶ ግን በውሃ ትቀዘቅዛለች፣ ቮልስ በአየር።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ካረጀና ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ ያለች መኪና ቶሎ ትፈላለች። ቮልስ ውሃ ስለሌላት አትፈላም።

ሁለተኛው ግን ለቮልስም አይራራም። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። 34 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉን ታጣለች፤ የምታገኙት 25 ገደማ ነው። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር እንደተስተካከለ ከቀረ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዎቿ ጥላሸት ይይዛሉ። የድሮ መካኒኮች የቤንዚን ቀዳዳዋን በጠባብ ይቀይሩ የነበረው ለዚህ ነው። በመጽሐፍ ሳይሆን የካንዴላውን ቀለም እያዩ ነበር የሚያውቁት፦ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ቡና ዓይነት ከሆነ ልክ ነው።

እንግዲህ እናውርደው

ቤቴል በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናት። እንዲህ ያለ ሰፈር ለሥራው ሁለት ነገር ያሟላል። አንደኛው መኪና የሚያስገባ ግቢ ነው። ሁለተኛው መርካቶ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት አዲስ ነገር የሚፈጥሩ እጆች አሉ። ፋብሪካው ማምረት ያቆመው ዕቃ እዚያ ከሌላ ቮልስ ተነቅሎ ይገኛል፤ ካልተገኘም ይቀረጻል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። ከዚያ ባትሪውን ፍቱ፤ በቮልስ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ይህን የዘለለ ሰው ቁልፉ ሽቦ ሲነካ በሚፈጠር ብልጭታ ቤንዚን ሊያቀጣጥል ይችላል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን፣ የጋዝ ገመዱን፣ ወደ ዲናሞና ወደ ኮይል የሚሄዱትን ሽቦዎች አላቅቁ። እያንዳንዷን ሽቦ በፕላስተር ምልክት አድርጉባት፤ ነገ ስትመልሱ ታመሰግኑናላችሁ። የቤንዚን ቱቦውን ፍቱና ድፈኑት።

ከመኪናዋ ሥር የሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎቹና ገመዶቻቸው አሉ፤ እነሱም ይለያሉ። አሁን አራቱ ማሰሪያዎች ብቻ ቀሩ፦ ሁለት ዳዶ ከታች፣ ሁለት ብሎን ከላይ። የታችኞቹን አስቀድማችሁ ፍቱ። የላይኞቹን ከማላላታችሁ በፊት ግን ክሪኩ ከሞተሩ ሆድ መሐል ላይ፣ በሰፊ ጣውላ ተደግፎ፣ ክብደቱን መቀበል አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ቦታ ትዕግሥት የሚፈተንበት ነው። ሞተሩ ቀጥታ አይወርድም። ከካምቢዮው የወጣ ዘንግ በፍሪሲዮኑ ሸራ መሐል ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል መሳብ አለበት። አንዱ ክሪኩን ሲይዝ ሌላው በቀስታ እያወዛወዘ ይስባል። ዘንጉ ሳይለቅ ከወረደ ሙሉ ክብደቱ በእሱ ላይ ይንጠለጠልና የፍሪሲዮኑ ሸራ ይጣመማል። ከለቀቀ በኋላ ክሪኩ ይላላል፤ ሞተሩ ይወርዳል። በእውነት ይወርዳል።

ስለ ቺንጋው አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። አንዲት ቺንጋ ዲናሞውንም ማቀዝቀዣ ፋኑንም ታዞራለች። ስትበጠስ የቻርጅ መብራት ይበራል። ብዙ ሰው «ባትሪ ነው፣ ቤት ልድረስ» ይላል። ፋኑም አብሮ ስለቆመ ግን ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ብዙ የቮልስ ሞተር የወረደው ያቺ ትንሽ ቀይ መብራት ስለተናቀች ነው።

110 ኪሎ ቀልድ አይደለም

ሞተሩ ቀላል ነው ስንል ከሌላ ሞተር ጋር አወዳድረን ነው። ወደ 110 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ኩንታልና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ከግማሽ ሜትር ቢወድቅ ወደ 540 ጁል ጉልበት ይዞ ነው መሬት የሚነካው። ይህ አምስት ኪሎ መዶሻ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር ይስተካከላል። ሥሩ ያለው እጅ ወይም እግር ቢሆንስ?

ስለዚህ የማይጣስ ሕግ አለ፦ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በዘይት የሚሠራ ክሪክ የሚቆመው በአንዲት የላስቲክ ማሸጊያ ነው፤ እሷ ካፈሰሰች ሁሉም ነገር ይወርዳል። ከፍ ያለች መኪና ሥር ከመግባታችሁ በፊት የብረት መቆሚያ ይግባ። ብሎኬት አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር ብቻችሁን አትጀምሩት።

አንዲት ቮልስና አንድ ዘመን

ቮልስ በታሪካችን ውስጥ ካላት ቦታ ሁሉ የሚታወሰው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጠዋት ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ማውረዱን አስታወቀና ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ አስወጣቸው። ረጃጅም ጥቁር መኪኖች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪና ውስጥ መግባታቸው ለብዙዎች ከአዋጁ በላይ ተናገረ። ለሕዝብ ተብላ የተነደፈችው መኪና ዘውድ ስታወርድ ታየች። መኪና ብረት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ቀጥሎስ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች፤ እንዲህ ያለ እርምጃ በመውሰድ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛና ኤሌክትሪኳን ከራሷ ውሃ የምታመነጭ አገር ምክንያት አላት። ለጋራዡ ግን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካርቡራተር የላትም። ባትሪዋ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ ያልሠለጠነ ሰው ብርቱካናማ ገመዷን በካቻቪቴ ከነካ ሊሞት ይችላል። «በዐይን አይቶ መማር» በዚህ ላይ አይሠራም።

ይህ ማለት የድሮው እውቀት ዋጋ አጣ ማለት ነው? አይመስለንም። በሌላው ዓለም አሮጌ ቮልሶችን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉትን እዩ። ሞተሩን ያወርዳሉ፤ በቦታው አንድ የብረት ሰሌዳ ያስቀምጣሉ፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከዚያው ከድሮው ካምቢዮ ጋር ያገጣጥማሉ። ሰሌዳው የሚታሰረው የት ይመስላችኋል? በእነዚያው በአራቱ ማሰሪያ ቦታዎች ላይ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጋራዥ ለሌለው ሰው ታስቦ የተሠራ መጋጠሚያ ለማንም ያልታሰበ አገልግሎት እየሰጠ ነው። የሚፈታ ነገር ይለወጣል፤ የማይፈታ ይጣላል።

ስለዚህ ሰፈራችሁ ውስጥ ቮልስ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ካሉ፣ አሁን ነው መጠየቂያው። «ይሄ ምን ይባላል? ለምን እንዲህ ሆነ? ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ምን ታደርጉ ነበር?» በሏቸው፤ ደብተርም ያዙ። ከእጃቸው እውቀት አብዛኛው የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ቁልፍ እያቀበላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ መልሱ ይረዝማል።